መንጋው ዞረ፤ ማን አዞረው?

የሚከተለውን አጭር ዓረፍተ ነገር በጥሞና አንብቡት።

«የዓሣው መንጋ በድንገት ዞረ።»

በሰዋስው ትምህርታችሁ እንደተረዳችሁት፣ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት «መንጋ» የሚለው ጥቅል ስም ነው። ማሰሪያ አንቀጹም «ዞረ» ተብሎ በነጠላ ቁጥር ተነግሯል። በመንጋው ውስጥ መቶ ወይም ሺህ ዓሦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቋንቋችን ግን ሁሉንም በአንድነት ጠቅልሎ እንደ አንድ ፍጡር ይቆጥራቸዋል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የዓሣ መንጋ ሲዞር የተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ አካል ጎኑን የለወጠ ይመስለዋል። መንጋው በአንድ ቅጽበት ያብለጨልጫል፤ በአንድ ቅጽበት ይጠቁራል፤ ይሰፋል፤ ይጠብባል፤ ለሁለት ተከፍሎም መልሶ ይገጥማል።

ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንዲዞር የወሰነው ማን ነው? መንጋው ራሱ ዓይን የለውም፤ አንጎልም የለውም። ዓይንና አንጎል ያላቸው በውስጡ ያሉት ዓሦች ናቸው። ከእነርሱም መካከል አንዱ እንኳ መንጋውን በሙሉ ሊያይ አይችልም። ታዲያ መንጋውን በሙሉ የማያይ ፍጡር ከመንጋው ጋር አብሮ እንዴት ሊዞር ቻለ? የዚህ ምንባብ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው።

ጎረቤትን መመልከት

መልሱን ወደ ሐይቅ ከመውረዳችን በፊት ከምናውቀው ሥፍራ እንጀምር። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ካሉት የታክሲ መጠበቂያዎች በአንዱ በማለዳ እንደቆማችሁ አስቡ። ተራ የሚያስጠብቅ የለም፤ ሰልፍም አልተያዘም። ብዙ ሰው ዓይኑን ወደ መንገዱ ጥሎ ቆሟል። በዚህ መካከል ከዳር የቆመ አንድ ሰው በድንገት ወደ ፊት ይሮጣል። አጠገቡ ያሉት ሁለት ሰዎች ይከተሉታል። ከእነርሱ ኋላ ያሉት አምስትና ስድስት ይሆናሉ። ወዲያውም የቆመው ሕዝብ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማል።

ከሚሮጡት መካከል ታክሲውን በዓይኑ ያየው ስንቱ ነው? ምናልባት የመጀመሪያው ሰው ብቻ ይሆናል። የቀሩት ያዩት ታክሲውን ሳይሆን የሮጠውን ጎረቤታቸውን ነው። «ሩጡ» ብሎ ያዘዛቸው አለቃ የለም። ሆኖም ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሰው «ሕዝቡ ሮጠ» ብሎ በነጠላ ቁጥር ይናገራል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ ያዙ። አንደኛው ግለሰቡ በራሱ የስሜት ሕዋሳት የሚያገኘው ዕውቀት ነው፤ ታክሲውን ያየው ሰው ያገኘው ይህን ነው። ሁለተኛው ግለሰቡ ከጎረቤቱ ሁኔታ የሚያገኘው ዕውቀት ነው፤ የተከተሉት ሰዎች ያገኙት ይህን ነው። የዓሣ መንጋ እንቅስቃሴም ከእነዚህ ከሁለቱ ተሸምኖ የተሠራ ነው።

ዓሣ ጎረቤቱን የሚያውቀው በምንድን ነው?

በአንድ ቦታ የተገኙ ዓሦች ሁሉ አንድ ዓይነት መንጋ አይደሉም። አንዳንድ ጊዜ ዓሦች ምግብ ባለበት ቦታ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ወደየፊናቸው ይዋኛሉ። ይህ መሰብሰብ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው፣ ፍጥነታቸውን አስተካክለው፣ ርቀታቸውን ጠብቀው ይጓዛሉ። ይህኛው መሰለፍ ነው። ለመሰለፍ ዓሣው ጎረቤቱ የት እንዳለ፣ ወዴት እንደሚሄድና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ያለማቋረጥ ማወቅ አለበት።

ለዚህ ሥራ ዓሣ ሁለት ዋና መሣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ዓይን ነው። የአብዛኞቹ ዓሦች ዓይኖች በጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ዓሣው አንገቱን ሳያዞር ሁለቱንም ጎኖቹን ያያል። ሁለተኛው መሣሪያ «የጎን መስመር» ይባላል። ይህ መስመር ከጭንቅላቱ አንሥቶ በገላው ጎን እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በውስጡ የውኃን እንቅስቃሴ የሚለዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይገኛሉ። ጎረቤቱ ጅራቱን ባወዛወዘ ቁጥር ውኃው ይገፋል፤ የተገፋውም ውኃ የዓሣውን ጎን ይነካዋል። ስለዚህ ዓሣ ጎረቤቱን በዓይኑ ከማየቱም በላይ በገላው ይሰማዋል ማለት ይቻላል።

የኮልፌ ተማሪ ይህን ለመመልከት የግድ ወደ ሐይቅ መጓዝ አያስፈልገውም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል። ቅርፊቱ ያልተገፈፈ ቆሮሶ ስታገኙ ጎኑን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በቅርፊቶቹ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የጎን መስመሩ ናቸው። በቆሮሶ ላይ መስመሩ ለሁለት የተቆረጠ ነው፤ የፊተኛው ክፍል ወደ ጀርባው ከፍ ብሎ፣ የኋለኛው ደግሞ ዝቅ ብሎ ወደ ጅራቱ ያመራል።

ሁለቱ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚተጋገዙ በሙከራ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፒቸር፣ ፓርትሪጅና ዋርድል የተባሉ ተመራማሪዎች ከኮድ ወገን የሆኑ የባሕር ዓሦችን ዓይን ለጊዜው ሸፍነው ከሚያዩ ጓደኞቻቸው ጋር ለቀቋቸው። ዓይናቸው የተሸፈነው ዓሦች ከመንጋው ጋር ተሰልፈው መዋኘት ቻሉ። ዓይናቸው ከመሸፈኑ በላይ የጎን መስመራቸው ከሥራ ውጭ የሆነባቸው ግን መሰለፍ አልቻሉም። ከዚህ የምንረዳው፣ መሰለፍ በአንድ የስሜት ሕዋስ ብቻ የተንጠለጠለ አለመሆኑን ነው። ዓይን ሲጠፋ ገላ ይተካል፤ ሁለቱም ሲጠፉ ግን ጎረቤት ይጠፋል፤ ጎረቤት ሲጠፋም መንጋው ለዚያ ዓሣ የለም።

ሦስቱ የጉርብትና ሕጎች

ዓሣው ጎረቤቱን ካወቀ በኋላ ምን ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1982 አኦኪ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ፣ በ1987 ደግሞ ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ መንጋን በኮምፒዩተር ለመሥራት ሞከሩ። አኦኪ የተነሣው ከዓሦች ሲሆን ሬይኖልድስ የተነሣው ከወፎች ነበር። ለእያንዳንዱ ምናባዊ ፍጡር የተሰጡት ሕጎች ሲጠቃለሉ ሦስት ብቻ ናቸው።

አንደኛ፣ ጎረቤትህ እጅግ ከቀረበህ ራቅ በል።
ሁለተኛ፣ ጎረቤትህ በመጠነኛ ርቀት ላይ ካለ ፊትህን እርሱ ወደሚሄድበት አዙር።
ሦስተኛ፣ ጎረቤትህ ከራቀህ ተጠጋ።

በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ስለ መንጋ የተነገረ አንድ ቃል እንኳ እንደሌለ አስተውሉ። «ክብ ሥሩ» የሚል ትእዛዝ የለም፤ «መሪውን ተከተሉ» የሚልም የለም። ሕጎቹ የሚናገሩት ስለ ጎረቤት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ምናባዊ ፍጡራን ሕጎቹን በአንድነት ሲፈጽሙ፣ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የሚዞር፣ የሚከፈልና የሚገጥም መንጋ ታየ። ኢየን ከዚንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ሕጎቹ ሳይለወጡ ርቀቶቹ በጥቂቱ ብቻ ሲለወጡ መንጋው ከተበተነ ስብስብ ወደሚሽከረከር ክብ፣ ከዚያም ወደ ቀጥተኛ ሰልፍ ይለወጣል።

እርግጥ ነው፣ በኮምፒዩተር የተሳካ ነገር ሁሉ በውኃ ውስጥ የሚሆነውን በትክክል አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተሙ ሁለት ጥናቶች የሕያዋን ዓሦችን እንቅስቃሴ በካሜራ እየተከታተሉ ለኩ። ያገኙትም ዓሣ ከጎረቤቱ ጋር የሚስማማው በዋናነት ፍጥነቱን በመለዋወጥ መሆኑን ነው። ጎረቤቱ ከፊቱ ከራቀ ይፈጥናል፤ ከኋላው ከቀረ ይዘገያል። ፊትን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ራሱን የቻለ ሕግ ከመሆን ይልቅ፣ ከዚህ ከመቅረብና ከመራቅ የሚመጣ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ጥናቶቹ አመለከቱ። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚበቃ የመሰለውን ማብራሪያ ያቀርባል፤ ቀጥሎም በመለኪያ ይፈትነዋል።

አንዱ የማያውቀውን ብዙዎች ሲያውቁት

እስካሁን የተናገርነው መንጋው እንዴት እንደሚሰለፍ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን መንጋው ከአባሎቹ የተሻለ «ማወቅ» መቻሉ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚኖር፣ ከብርሃን ይልቅ ጥላን የሚመርጥ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድሩ በርዳልና ጓደኞቹ እነዚህን ዓሦች አንዱ ሥፍራ በሚደምቅበት፣ ሌላው በሚደበዝዝበት፣ ጥላውም ቦታውን በሚለዋውጥበት ገንዳ ውስጥ ለቀቋቸው። አንድ ዓሣ ብቻውን ሲሆን ጥላውን ለማግኘት እጅግ ተቸገረ። የዓሦቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ግን መንጋው ጥላውን በተሻለ ሁኔታ ተከታትሎ አገኘ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ዓሣ ጥላው በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ አያውቅም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ብርሃን ሲበዛበት መፍጠን፣ ጥላ ሲያገኝ መዘግየት ብቻ ነው። አሁን አሥር ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ መስመር ወደ ፊት ሲራመዱ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። በቀኝ ዳር ያሉት እርምጃቸውን ቢያዘገዩ፣ በግራ ያሉት ደግሞ በነበሩበት ቢቀጥሉ፣ መስመሩ ማንም ሳያዘው ወደ ቀኝ ይዞራል። በዓሦቹም የሆነው ይኸው ነው። ጥላ ያገኙት ዘገዩ፤ በብርሃን ያሉት ፈጠኑ፤ ከጎረቤት ያለመለየት ዝንባሌያቸውም መንጋውን ወደ ጥላው ጎተተው። አቅጣጫውን ያወቀ አንድ ዓሣ አልነበረም፤ መንጋው ግን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ዞረ።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ግኝትም አለ። ከዚንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ በአንድ መንጋ ውስጥ መድረሻውን የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻ ቢሆኑም መንጋውን ሊመሩት ይችላሉ። መንጋው በበዛ ቁጥርም የሚያስፈልጉት የአዋቂዎች ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ለዚህም አዋቂዎቹ ምልክት መስጠት አያስፈልጋቸውም፤ የቀሩትም አዋቂው የትኛው እንደሆነ መለየት አያስፈልጋቸውም። ሁሉም ጎረቤቱን መከተሉ ይበቃል።

ከአዳኝ የሚያድን፣ ለመረብ የሚሰጥ

ዓሦች በመንጋ መጓዝን ለምን መረጡ? ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ከአዳኝ መዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኒልና ከለን የተባሉ ተመራማሪዎች አዳኝ እንስሳት አንድ፣ ስድስትና ሃያ ሆነው የተለቀቁ ትናንሽ ዓሦችን ሲያሳድዱ ተከታተሉ። የታዳኞቹ ቁጥር ሲጨምር አዳኙ የመያዝ ዕድሉ ቀነሰ። አንድ ዓሣ ላይ ዓይኑን ሲጥል ሌላው በፊቱ ያልፋል፤ ወደዚያኛው ሲዞር የመጀመሪያው ይጠፋበታል። በዚህ ላይ አንድ ዓሣ አዳኙን አይቶ በደነገጠ ጊዜ ድንጋጤው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስለሚተላለፍ፣ አዳኙን ጨርሶ ያላዩትም ይሸሻሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ እውነት ይሆናል።

ሆኖም አብሮ መሆን ሁልጊዜ አያድንም። ለዚህ ከጣና ሐይቅ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በጣና ቢልጫ እየተባሉ ከሚጠሩት ዓሦች ወገን ከ15 የማያንሱ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ በርከት ያሉት በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት፣ እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ወደ ወንዞቹ ከመግባታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ በብዛት ይከማቻሉ። ይህ ክምችት ከላይ ከገለጽነው የተስተካከለ ሰልፍ የተለየ ቢሆንም፣ ውጤቱ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ብዙ ዓሣ በጠባብ ቦታ ይገኛል።

የጣና አጥማጆች ለረጅም ዘመን ከደንገል በተሠራ ታንኳ በዳር በዳር ሲያጠምዱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። አጥማጆች ዓሦቹ በሚራቡበት ወራት መረባቸውን በወንዞቹ አፍ መዘርጋት ትርፍ እንዳለው ተረዱ። ውጤቱም ብዙ ዓመት አልቆየም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ውስጥ በመረብ ወደ ገበያ የሚቀርበው የቢልጫ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ ነገር ግን የዓሣውን ኅልውና የሚወስነው በወረቀት ላይ የተጻፈው ሕግ ብቻ ሳይሆን፣ በወንዞቹ አፍ ላይ በተግባር የሚሆነው ነው።

ለዓሣው ይህ ከባድ ዕጣ ነው። አብሮነት አንድ ወፍ ወይም አንድ ትልቅ ዓሣ ሲመጣበት ይጠቅመዋል። መረብ ግን አንዱን ከሌላው የመለየት ችግር የለበትም፤ ዓይኑ አይደናገርም፤ አይጠግብም። መረቡም ራሱ ያበረ ድር መሆኑን ልብ ይሏል። ዓሣው በሺህ ትውልዶች ያዳበረው ልማድ ትናንት የመጣውን መረብ አያውቅም። ልማዱን ሊለውጥ የማይችለው ዓሣው ስለሆነ፣ መረቡን በወቅቱ መሰብሰብ የሚገባው ሰው ነው።

ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ስናነበው

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንመለስ። «የዓሣው መንጋ በድንገት ዞረ» የሚለው አነጋገር በሰዋስው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በነጠላው ማሰሪያ አንቀጽ ውስጥ ብዙ ባለቤቶች ተሸሽገዋል። አንዱ ዓሣ አዳኝ አየ፤ ሁለተኛው የአንደኛውን ጅራት ግፊት በጎኑ ሰማ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ላለመለየት ፈጠነ፤ መቶኛው ለምን እንደዞረ ሳያውቅ ዞረ። የእነዚህ የጥቃቅን ድርጊቶች ድምር ነው «ዞረ» የተባለው።

በታክሲ መጠበቂያው የነበረው ሕዝብም እንዲሁ ነው። የሰው ልጅ ጎረቤቱን በመከተሉ ከዓሣ አይለይም፤ ሊያፍርበትም አይገባም። እሳት ያየ አንድ ሰው ሲሸሽ ሌሎችም እሳቱን እስኪያዩ ሳይጠብቁ ቢሸሹ ይድናሉ። በአንጻሩ አንድ ሰው ያለ ምክንያት ደንግጦ ቢሮጥና ሁሉም ቢከተለው፣ በጠባብ በር ላይ የሚረጋገጡ ሰዎች ይኖራሉ። ያልተጣራ ወሬም ከአፍ ወደ አፍ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። የመቶኛው ሰው እርግጠኝነት የመጀመሪያውን ሰው እይታ አያጠራውም፤ መቶ ሰው ደገመው ማለት መቶ ሰው አየው ማለት አይደለም። ነገር ግን ዓሣ የሌለው አንድ መሣሪያ ለሰው ተሰጥቶታል። ሰው ጎረቤቱን «ምን አየህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚህ በድርሰታችሁ ውስጥ «ሕዝቡ ሮጠ»፣ «መንደሩ ተቆጣ»፣ «ተማሪው ደገፈ» ብላችሁ በምትጽፉበት ጊዜ ጥቂት ቆም በሉ። ጥቅል ስሙን መጠቀም አልተከለከለም። ብቻ ከጥቅል ስሙ በስተጀርባ ያሉትን ባለቤቶች ፈልጓቸው፤ ማን በዓይኑ አየ? ማን ከጎረቤቱ ሰማ? ማንስ ዝም ብሎ ተከተለ? ይህን የለየ ጸሐፊ አንባቢውን ስለ ነገሩ እውነት ያስረዳዋል።

መልመጃ

1. «መሰብሰብ» እና «መሰለፍ» በምን እንደሚለያዩ ከምንባቡ በመነሣት አስረዱ።
2. ዓይኑ የተሸፈነ ዓሣ ከመንጋው ጋር ሊሰለፍ የቻለው በምን ምክንያት ነው?
3. ጥላው ያለበትን አቅጣጫ የሚያውቅ ዓሣ ሳይኖር መንጋው ወደ ጥላው እንዴት እንደዞረ፣ በእጅ ለእጅ የተያያዙትን ተማሪዎች ምሳሌ በማድረግ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
4. ከምንባቡ ውስጥ ሦስት ጥቅል ስሞችን አውጡ። በእያንዳንዳቸውም በነጠላ ቁጥር የታሰረ ዓረፍተ ነገር ከመሠረታችሁ በኋላ፣ የተሸሸጉትን ባለቤቶች በማውጣት ዓረፍተ ነገሩን በብዙ ቁጥር መልሳችሁ ጻፉት።
5. በሠፈራችሁ ብዙ ሰው በአንድነት ሲያደርግ ያያችሁትን አንድ ድርጊት መርጣችሁ፣ ማን እንዳየ፣ ማን እንደሰማና ማን እንደተከተለ በመለየት ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።